የዳገት ትንፋሽ፦ በዋግ ደጋ ሴቶች የልብ ሕመምን የመለየትና በጊዜው ርምጃ የመውሰድ መመሪያ

በጋዝጊብላና በሌሎቹ የዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች የምትኖር ሴት ውሃ ከምንጭ፣ እንጨት ከገደል፣ እህል ከገበያ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ መድከሟ የኑሮዋ አካል ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ የልብ ሕመም ሲጀምራት አስቀድሞ የሚሸሸገው በዚሁ የዕለት ድካሟ ውስጥ ነው። ጎረቤት «ጉልበቷ ደከመ»፣ ቤተሰብ «ብርድ መታት»፣ እርሷም ራሷ «ጨጓራዬ ነው» እያለች ወራት ያልፋሉ፤ በሽታው ስሙን የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ እግሯ ካበጠና ተኝታ መተንፈስ ካቃታት በኋላ ይሆናል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አንዲት ሴት፣ ወይም ከእርሷ ጋር የሚኖር ሰው፣ ተራውን ድካም ከልብ ድካም የምትለይበትን መንገድ፣ ከለየች በኋላም ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል የምትሄድበትን ቅደም ተከተል ለማሳየት ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ከሚሞቱ 3 ሴቶች የ1ዷ ሞት ምክንያት በግምት የልብና የደም ሥር በሽታ ሲሆን፣ በሌሎች አገሮች በሚጻፉ መጻሕፍት ዘንድ ይህ በሽታ በአብዛኛው የሚገለጠው የልብን ጡንቻ የሚመግቡ የደም ሥሮች በመጥበባቸው ነው። በኢትዮጵያ ግን በታላላቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች የልብ ክሊኒኮች ከሚታዩት ሕሙማን መካከል ሰፊውን ድርሻ ለረጅም ጊዜ ይዞ የቆየው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህም በልጅነት ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያቆስል፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመነጨው ኃይል ተሳስቶ መገጣጠሚያንና ልብን በማጥቃቱ የሚመጣ ሲሆን፣ በተለይ የሚጎዳው ቫልቭ የሚባለውን፣ ደም ወደፊት አሳልፎ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን የልብ በር ነው። በሩ ሲጠነክርና ሲጠብ፣ ወይም አልገጥም ሲል፣ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ የትንፋሽ ማጠሩም ከዚህ ይመነጫል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ይህ ሕመም ሴቶችን ከወንዶች እስከ 2 እጥፍ ያጠቃል፤ የሚያገኛቸውም በእርጅና ሳይሆን ልጅ በሚወልዱበት ዕድሜ ነው። ከዚህ ሌላ የደም ግፊት፣ በወሊድ ጊዜ የሚከሰተው የልብ ጡንቻ መድከምና የልብ ደም ሥር መጥበብ በዚሁ አካባቢ የሚኖሩ ሴቶችን ይመለከታሉ።

ድካምን መለካት

የመጀመሪያው ርምጃ ድካምን ከራስ ድካም ጋር ማነጻጸር ነው። ለዚህም የታወቀ መንገድ ይበቃል፦ ከምንጩ እስከ ቤት ወይም ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ዳገት አንዲት ሴት ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት ስንት ጊዜ አርፋ ትወጣው እንደነበር፣ ዘንድሮስ በዚያው ሸክም ስንት ጊዜ እንደምታርፍ ታስብ፤ አብረዋት የሚሄዱ እኩዮቿ ቀድመዋት ቆመው መጠበቅ የጀመሩት ከመቼ ወዲህ እንደሆነም ትጠይቅ። ደጋ አየሩ ስስ ቢሆንም እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነት ከአየሩ ጋር የተላመደ በመሆኑ፣ በወራት ውስጥ አዲስ የመጣ የትንፋሽ ማጠር በቦታው ከፍታ ሊመካኝ አይገባም።

ሐኪሞች የልብ ድካምን በ4 ደረጃ ይከፍሉታል፤ ልብ ደካማ የሚባለው ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅተው ነው። በመጀመሪያው ደረጃ በሽታው ቢኖርም በሥራ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም፤ በሁለተኛው እንደ ዳገት መውጣትና ውሃ መሸከም ያለው የተለመደ ሥራ ያስለከልካል፤ በሦስተኛው ቤት መጥረግና በደልዳላ መሬት መራመድ እንኳ ያደክማል፤ በአራተኛው ሴቲቱ ተቀምጣ ስታወራ ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትንፋሿ ይቆረጣል። ይህ ክፍፍል ለቤተሰብ የሚጠቅመው ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ መሸጋገር ራሱ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ በቂ ምክንያት ስለሆነ ነው፤ በሁለተኛው ደረጃ የመጣች ታካሚ የምታገኘው ዕድል አራተኛው ደርሶ በሰው ትከሻ ከምትመጣው ጋር አይነጻጸርም።

ሁለተኛው ርምጃ ሌሊቱን መመልከት ነው። ልብ ሲደክም ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ጋደም ሲባል ወደ ሳንባ ስለሚፈስ፣ ሕመምተኛዋ ጠፍጣፋ መተኛት ትታ ትራስ ወይም ጋቢ ትደራርባለች፣ አልፎም ግድግዳ ተደግፋ ታድራለች፤ እንቅልፍ ከወሰዳት ከጥቂት ሰዓት በኋላም ታፍና ትነቃና በር ከፍታ አየር ትስባለች። ይህ ምልክት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ወደ ልብ የሚጠቁም በመሆኑ፣ በአካባቢው እንደሚደረገው «ቅዠት ነው»፣ «ዱካክ ተጫናት» ብሎ ማለፍ እጅግ አደገኛ ነው። ሌሊት የሚብስ ሳል፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ አክታ፣ በጠበበ የልብ በር ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለችው ሴት በቅድሚያ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመሯ ተገቢ ሲሆን፣ ነቀርሳ የለብሽም ተብላ ሳሉ ካልለቀቃት ግን ልቧ እንዲታይላት መጠየቅ ይገባታል።

ሦስተኛው ርምጃ አካልን መፈተሽ ነው። ማታ ጫማ ሲወልቅ የጫማው ማሰሪያ በእግር ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ትቶ መቆየቱ፣ የእግር አልቦ ጠብቆ አልወልቅ ማለቱ፣ ፊቷና ክንዷ እየከሳ ሳለ መቀነቷ ግን አልደርስ ማለቱ የፈሳሽ መጠራቀም ምልክቶች ናቸው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ቦታ በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ጉድጓዱ ካልሞላ እብጠቱ የውሃ ነው። የልብ ምትም ይቈጠራል፦ ሴቲቱ ለ5 ደቂቃ ያህል ተቀምጣ ካረፈች በኋላ በአውራ ጣቷ በኩል ያለው የእጅ አንጓ ላይ 2 ጣት ተደርጎ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሲቆጠር፣ ለአዋቂ ሰው ከ60 እስከ 100 ያለው የተለመደ ነው። ከዚህ በላይ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ምት ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ ሥርዓት ካጣ፣ ይህም ለጤና ባለሙያ የሚነገር ነው፤ ምቱ የተዛባ ልብ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ወደ አንጎል ተወርውሮ በድንገት አፍ ሊያጣምም፣ አንድ ወገን እጅና እግር ሊያዝልና አንደበት ሊያስር ይችላልና። በወጣት ሴት ላይ የደረሰ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሽባነት የመንፈስ ምት ተብሎ በቤት እንዲቆይ መደረግ የለበትም።

የድንገተኛው ሰዓት

የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ የሚከሰተው የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ጥቃት ይባላል፤ ዋና ምልክቱም በሴትም በወንድም ደረትን እንደ ከባድ ሸክም መጫንና ማጥበቅ ነው። ሆኖም በሴቶች ላይ ከዚህ ጋር፣ አንዳንዴም ያለዚህ፣ የመንጋጋ፣ የአንገት፣ የትከሻ መካከል ወይም ከእንብርት በላይ ያለ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብና ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ መዛል በብዛት ይታያል። በአካባቢው «ጨጓራ» የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ መለያው ይህ ነው፦ ከምግብ ጋር ሳይያያዝ በሥራና በዳገት የሚነሣ፣ በዕረፍት የሚተው ሕመም የጨጓራ ባሕርይ የለውም፤ በዕረፍት ሳይለቅ ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየና ላብ ያስከተለ ሕመም ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬድ ነው። ዕድሜዋ የገፋ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባት ሴት በዚህ ረገድ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት።

ትንፋሽ ያጠራት ሴት ወደ መኪና መንገድ በቃሬዛ ስትወሰድ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። ሰው ታማሚን በልማድ አጋድሞ ይሸከማል፤ ልቧ የደከመ ሴት ግን ጠፍጣፋ ስትጋደም ሳንባዋ በፈሳሽ ስለሚሞላ በመንገድ ላይ ልትታፈን ትችላለች። ስለዚህ ቃሬዛው ላይ ከጀርባዋ ጓዝ ተደርጎላት፣ ቀና ብላ ተቀምጣ፣ እግሯ ወደ ታች ወርዶ፣ መቀነቷም ተፈትቶ ትወሰድ፤ በእግሯ እንድትሄድ፣ ውሃ ወይም ጠላ እንድትጠጣ፣ በጭስ እንድትታጠን አይደረግ። የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር ሰው ሳይታመም ከጤና ኬላ ተወስዶ በቤቱ ግድግዳ መጻፉ ቀላል ሥራ ነው።

ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የመጀመሪያዋ ደጅ ናት። ከእርሷ የሚፈለገው የበሽታውን ስም እንድትሰጥ ሳይሆን ግፊት እንድትለካና ወደ ጤና ጣቢያ የሚያሻግር ወረቀት እንድትጽፍ ነው። ግፊት ሲለካ የላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ከተደገመ ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል፤ ይህም ያለ ምንም ሕመም ልብንና ኩላሊትን ለዓመታት ሲጎዳ ሊኖር ይችላል። በጤና ጣቢያ ደግሞ ባለሙያው በማዳመጫ ልብን ሲያዳምጥ ከተለመደው ምት ሌላ እንደ ነፋስ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማ የልብ በር ጉዳት ይጠረጠራል። የደም ማነስም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጣ፣ ድርቅ በተደጋገመበት አካባቢ የደም ማነስ ምርመራም አብሮ መሠራት አለበት፤ ሁለቱ በአንዲት ሴት ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያብሳል።

ለሕክምና ባለሙያ የሚነገረው ነገር ከቤት ተዘጋጅቶ ቢሄድ ይበጃል። «ደከመኝ» ከሚለው ቃል ይልቅ «አምና ሳላርፍ የምወጣውን ዳገት ዘንድሮ 3 ጊዜ አርፌ እወጣለሁ፤ 2 ወር ሆኖኛል፤ ሌሊት ተቀምጬ አድራለሁ» የሚለው ንግግር ባለሙያውን ወደ ልብ በቀጥታ ይመራዋል። ኽምጣና ተናጋሪ የሆነች ሴት አማርኛዋ ሕመሟን ለመግለጽ ካልበቃት፣ የሚያስተረጉምላት ሰው ይዛ መሄዷ ወይም በዚያው እንዲፈለግላት መጠየቋ መብቷ ነው፤ ባልየው ስለ እርሷ የሚናገረው የሌሊቱን ምልክት ሊያጎድለው ይችላልና እርሷ ራሷ ትናገር።

ከጤና ጣቢያ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ክልሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች ይቀጥላል። ቁርጡን የሚናገረው ምርመራ ኢኮካርዲዮግራፊ፣ በተለምዶ የልብ አልትራሳውንድ የሚባለው ነው፤ የልብን በሮችና የጡንቻውን አረጫጨት በምስል ያሳያል፣ ሕመምም የለውም። ታማሚዋ ከመነሣቷ በፊት ምርመራው በየት እንደሚሠራና ባለሙያው በየትኛው ቀን እንደሚገኝ በስልክ ቢጠየቅ የመንገዱን ወጪና እንግልት ያስቀራል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወጪውን የሚያቃልለው ታማሚዋ በየደረጃው የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ይዛ ስትሄድ በመሆኑ፣ ጤና ጣቢያን ዘልሎ መሄድ በኋላ ያስቆጫል። የልብ ቀዶ ሕክምና በአገር ውስጥ ሊታሰብ የቻለበት ታሪክም መታወቅ አለበት፦ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል አስከፍቷል፤ ሆኖም ቀዶ ሕክምና የሚጠባበቀው ሰው ብዛት ከአቅሙ ጋር ስለማይመጣጠን፣ በሽታውን ገና በመርፌ መግታት በሚቻልበት ጊዜ ማግኘት የማይተካ ዋጋ አለው።

ይህም መርፌ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም የተገኘባት ሴት ጉሮሮዋ በዚያው ባክቴሪያ በተያዘ ቁጥር የልቧ በር ዳግም ስለሚጎዳ፣ መርፌውን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም እስከ 40 ዓመት ዕድሜዋ ድረስ ትወስዳለች። ቀኑን ለማስታወስ ብዙዎች በወር አንዴ በሚውለው በዓል ይቆጥራሉ፤ ነገር ግን ከማርያም እስከ ማርያም 30 ቀን በመሆኑ በየወሩ 2 ቀን ያሳልፋል። በየ4ኛው የገበያ ቀን ብትቆጥር ግን ልክ 28 ቀን ይሆንላታል፤ ሴቲቱ ወደ ገበያ መውረዷም ስለማይቀር መንገዱ ለሁለት ጉዳይ ይውላል። የበሩ ጉዳት የከፋባት ታማሚ መርፌውን ስትወስድ በልታ፣ ጠጥታና ተጋድማ እንድትወጋ፣ ወይም ሐኪሙ በሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲተካላት መጠየቅ ይገባታል። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዓመታት በዞኑ የጤና ተቋማት ላይ በደረሰው ጉዳት መድኃኒታቸው የተቋረጠባቸው ሴቶች ካሉ፣ ያለፈው ጊዜ ቢረዝምም ተመልሰው እንደገና መጀመር ይችላሉ።

እርግዝናና የአራስ ቤት

በእርግዝና ወቅት የሴት ደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ የልብ ምቷም ይፈጥናል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል፤ በሩ የጠበበ ልብ ግን ስለማይችለው፣ ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በ5ኛውና በ6ኛው ወር ገደማ ነው። «የሆድ ልጅ ነው የሚያደክማት» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ድካሙ ሴቲቱን ከእንቅልፍ እስካላስነሣትና ተቀምጣ እስካላስለከለካት ድረስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢደረግ፣ በልጅነቷ ቁርጥማት ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ እየዞረ አሟት ከነበረም ለአዋላጇ ቢነገር፣ ልቧ በጊዜ ይደመጣል። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የፊት እብጠት ከግፊት መጨመር ጋር ሲመጡ ፕሪ ኤክላምፕሲያ የተባለው የእርግዝና ግፊት ነው፤ ይህ ሕመም ከወሊድ በኋላ ቢያልፍም በኋለኛው ዕድሜ የልብ ሕመምን ዕድል በ2 እጥፍ ያህል ስለሚጨምር፣ ያገኛት ሴት ግፊቷን በየዓመቱ ትለካ።

የልብ ሕመሟ የታወቀ ሴት በቤት መውለድ አይገባትም፤ ትልቁ አደጋ ልጁ ከተወለደ በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ከማሕፀን የሚመለሰው ደም በአንድ ጊዜ ልብ ላይ ሲጫን የሚደርስ ነውና። ቀኗ ሳይደርስ በእናቶች ማቆያ መሰንበቷ ለዚህ ነው። ኢናላፕሪል የተባለው የግፊትና የልብ መድኃኒት እንዲሁም ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ እነዚህን የምትወስድ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ እስከዚያው በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ኢስትሮጅን ካለበት እንክብል ይልቅ ለልቧ የሚስማማ ነው።

ከእርግዝናው መጨረሻ ወር ከወሊድ በኋላ እስካለው 5ኛ ወር ድረስ ባለው ጊዜ፣ ቀድሞ ጤነኛ የነበረ የልብ ጡንቻ በድንገት የሚደክምበት ሌላ ሕመም አለ። ይህ ጊዜ አራሷ እስከ ክርስትናው 40 ወይም 80 ቀን በቤት የምትቆይበትን ወቅት ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ በዚያን ወቅት ዳገት ስለማትወጣ ድካሟን የሚለካው የለም፣ እብጠቷም «ብርድ ገባት»፣ ትንፋሿም «የአራስ ምች» ይባልላታል። ስለዚህ ጠያቂ ሆኖ ወደ አራስ ቤት የሚገባ ሰው ገንፎውን ከመቅመሱ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል፦ እናቲቱ ሌሊት ተጋድማ ነው ወይስ ተቀምጣ የምታድረው?

የቤት ውስጥ ጥንቃቄ

ሰቆጣ በጥንት ጊዜ የአሞሌ ጨው ገበያ እንደነበረች የታወቀ ሲሆን፣ ቡናን በጨው የመጠጣት ልማድ በሰሜኑ ገጠር እስከ ዛሬ አለ። ጨው በሰውነት ውስጥ ውሃ ስለሚያስቀር ለደከመ ልብ ትልቅ ጠላት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያነሰ ሲሆን ይህም በሽሮውና በበርበሬው ያለውን ጨምሮ ነው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት የሚታፈነው የኩበትና የማገዶ ጭስም ከሳንባ አልፎ የደም ሥሮችን ይጎዳል፤ የጭስ መውጫ ማበጀት ከሁሉ ርካሹ መከላከያ ነው። ውሃ የሚያሸና መድኃኒት የምትወስድ ሴት ስለ ጾም ንስሐ አባቷንም ሐኪሟንም ታማክር፤ ጸበል ስትጠመቅ መድኃኒቷን አታቋርጥ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ ማስተማራቸው ለዚህም ጉዳይ ብርሃን ይሰጣል።

በመጨረሻ የሚጠበቀው የልጆች ጉሮሮ ነው፤ የእናቲቱ ሕመም የጀመረው እዚያ ሊሆን ይችላልና። ጉንፋንና ሳል ሳይኖር በድንገት የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም፣ ትኩሳትና በአንገት ሥር የሚዳሰስ የንፍፊት እብጠት የባክቴሪያው ምልክቶች ሲሆኑ፣ በብዙ ቀበሌ የሚደረገው እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ደም ያፈስሳል፣ ሌላም ቁስል ይጨምራል። ፔኒሲሊን በአንድ መርፌ፣ ወይም ለ10 ቀን ሳይቋረጥ በሚዋጥ መልክ ይሰጣል፤ ሕመሙ ከጀመረ እስከ 9ኛው ቀን ከተሰጠም ልብን ከሚያጠቃው ትኩሳት ሊከላከል ስለሚችል፣ ቀኖቹን ከመጀመሪያው ትኩሳት ጀምሮ መቁጠር የእናቲቱ ወይም የልጁ ታላቅ እኅት ድርሻ ይሁን።